ምዕራፍ ሰባት፦ መራጩ የማንሻ ሥልጣኑ ሲነካበት ምን ይላል?

ጁን 7 ቀን 2022 የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የተዛመዱ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡላቸው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ቼሳ ቡዲን ከሥልጣን ይነሱ ወይስ አይነሱ የሚል ነበር። ሁለተኛው «ፕሮፖዚሽን ሲ» የተባለው የደንብ ማሻሻያ ሲሆን፣ ተመራጮችን ማንሳት የሚቻልበትን ጊዜ የሚያጠብብ ነበር። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ 55 በመቶ ያህሉ «ይነሱ» አሉ። ሁለተኛውን ግን 60 በመቶ ያህሉ ውድቅ አደረጉት። ሕዝቡ ዐቃቤ ሕጉን አነሳ፤ የማንሻ ሥልጣኑን ግን አላስነካም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ማርች 5 ቀን 2024፣ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ባለው አላሚዳ ካውንቲ ተመሳሳይ የሚመስል ጥያቄ ለመራጩ ቀረበ። የካውንቲው ዋና ከተማ ኦክላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ናት፤ ዜግነት ያገኙትም በዚህ ጉዳይ ድምፅ የመስጠት መብት ነበራቸው። «ሜዠር ቢ» የተባለው ይህ ማሻሻያም ተመራጮች የሚነሱበትን ደንብ የሚለውጥ ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሆኑት መራጮች ደገፉት፤ ማሻሻያውም ጸደቀ።

ሁለቱም አካባቢዎች ለዴሞክራቶች የሚያደሉ ናቸው። ሁለቱንም ማሻሻያዎች ያቀረቡት የአካባቢው ምክር ቤት አባላት ናቸው። ሁለቱም የቀረቡት በአንድ ዐቃቤ ሕግ ላይ የማንሳት ዘመቻ በተጧጧፈበት ሰዓት ነው። ታዲያ አንዱ ወድቆ ሌላው ለምን አለፈ? ለዚህ መልስ ያገኘ ሰው የሚቀጥለውን ማሻሻያ ዕጣ አስቀድሞ ለመገመት ጥሩ መነሻ አለው። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ መራጩ መጀመሪያ የሚመዝነው የማሻሻያውን ቴክኒካዊ ጥራት ሳይሆን «ከእጄ ምን እየተወሰደ ነው? የሚወስደውስ ማን ነው?» የሚለውን ነው። ትንበያም ከዚህ መነሳት አለበት።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል

የይነሳ ምርጫ ማለት ሕዝብ የመረጠውን ሰው የሥልጣን ዘመኑ ሳያልቅ በድምፁ የሚያነሳበት ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ በ1903፣ የኦሬገን ክፍለ ግዛት በ1908 ተቀበሉት። ካሊፎርኒያ ደግሞ ኦክቶበር 10 ቀን 1911 በገዥው በሃይረም ጆንሰን ግፊት ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባችው። በዚያን ዘመን የሳውዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ በሕግ አውጪውም በፖለቲካ ፓርቲዎቹም ላይ የነበረው ተጽዕኖ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ዛሬ 19 ክፍለ ግዛቶች የክፍለ ግዛት ባለሥልጣናትን በዚህ መንገድ ማንሳት ይፈቅዳሉ። በአገሪቱ ታሪክ ግን በይነሳ ምርጫ የወረዱት ገዥዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ በ1921 የሰሜን ዳኮታው ሊን ፍሬዚየር እና በ2003 የካሊፎርኒያው ግሬይ ዴቪስ።

በካሊፎርኒያ ገዥን ለማንሳት የሚፈለገው ፊርማ ለዚያ ሥልጣን በተደረገው የመጨረሻ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 12 በመቶው ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች 25 በመቶ ስለሚጠየቅ ይህ ከዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ያም ሆኖ ከ1913 ወዲህ በክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናት ላይ ከተሞከሩት 180 ገደማ ዘመቻዎች ለምርጫ የበቁት 11 ሲሆኑ፣ ባለሥልጣኑ የተነሳባቸው 6 ብቻ ናቸው።

ክርክሩ የሚያይለው በድምፅ መስጫው ወረቀት አሠራር ላይ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ይቀርባል፦ ባለሥልጣኑ ይነሳ ወይ? ከተነሳስ ማን ይተካው? ለማንሳት ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለመተካት ግን ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በልጦ መገኘት ይበቃል። የሚነሳው ሰው በተተኪዎቹ ዝርዝር ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ 49 በመቶ ሕዝብ «ይቆይልን» ያለው ሰው ወርዶ፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ሊይዝ ይችላል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በጁን 2018 የክፍለ ግዛቱ ሴናተር ጆሽ ኒውማን ለነዳጅ ግብር ጭማሪ ድምፅ በመስጠታቸው ሲነሱ 42 በመቶ ያህሉ መራጭ «አይነሱ» ብሎ ነበር። የተኳቸው ሊንግ ሊንግ ቻንግ ያገኙት ግን በተተኪ ምርጫው ከተሰጠው ድምፅ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በሴፕቴምበር 2021 በገዥው ጋቪን ኒውሰም ላይ በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ከ12.8 ሚሊዮን ድምፅ 61.9 በመቶው «አይነሱ» አለ፤ ከ46ቱ ተተኪ ተወዳዳሪዎች አንደኛ የወጡት ላሪ ኤልደር 3.5 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አገኙ። «ይነሱ» ያለው ወገን ለጥቂት አሸንፎ ቢሆን ኖሮ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ መራጮች የደገፉት ገዥ ወርዶ፣ የዚያን ግማሽ ትንሽ የሚያልፍ ድምፅ ያለው ሰው ይሾም ነበር። 2003 ከዚህ የተለየ ነው። አርኖልድ ሽዋዘኔገር 135 ተወዳዳሪዎች በነበሩበት ዝርዝር 4.2 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው፣ ዴቪስ እንዲቆዩ ከፈለገው 4 ሚሊዮን ገደማ በልጠዋል።

አሠራሩ ጉድለት እንዳለው በዚህ ይታያል። ጉድለቱ መታየቱ ብቻውን ግን ማሻሻያን አያጸድቅም።

ሕዝብ መሣሪያውን ምን ያህል ይወደዋል

ትንበያ የሚጀምረው ከታሪክ ነው። በ1911 የካሊፎርኒያ መራጮች የማንሻ ሥልጣኑን የተቀበሉት 77 በመቶ በሚሆን ድጋፍ ነው። በዚያው ቀን ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠው ማሻሻያ ያለፈው በ3,600 ገደማ ድምፅ ልዩነት ብቻ ነበር። ወንዶቹ መራጮች ለሴቶች የመምረጥ መብት መስጠት እየከበዳቸው፣ ባለሥልጣን የማንሳት ሥልጣን ግን ሳያመነቱ ወሰዱ። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የኢሊኖይ መራጮች ገዥያቸው ሮድ ብላጎዬቪች በቅሌት ከወረዱ በኋላ ገዥን በሕዝብ ድምፅ ለማንሳት የሚያስችለውን ማሻሻያ 66 በመቶ በሚሆን ድጋፍ አጸደቁ።

የአሪዞና ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። በ1911 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት አሪዞና ክፍለ ግዛት እንድትሆን የወጣውን ውሳኔ ውድቅ ያደረጉት፣ ሕገ መንግሥቷ ዳኞችንም በሕዝብ ድምፅ ማንሳት ይፈቅድ ስለነበር ነው። አሪዞናዎች አንቀጹን አወጡት፤ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1912 ክፍለ ግዛት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይም በድምፃቸው አንቀጹን መልሰው አስገቡት።

ይህ ማለት ግን ሕዝቡ መሣሪያው በየጊዜው እንዲመዘዝ ይፈልጋል ማለት አይደለም። በጁን 2012 የዊስኮንሲን ገዥ ስኮት ዎከር የይነሳ ምርጫውን ተቋቁመው በቆዩበት ቀን፣ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች 60 በመቶ ያህሉ የይነሳ ምርጫ ተገቢ የሚሆነው ባለሥልጣኑ በሥራው ላይ ጥፋት ሲፈጽም ብቻ ነው ብለዋል። በካሊፎርኒያም በ2021 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ጥናት ከተመዘገቡ መራጮች ሦስት አራተኛው የማንሳት መብት መኖሩ ጥሩ ነገር ነው አሉ። በዚያው ወቅት የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ አብዛኛው ሰው አሠራሩ ቢታረም እንደሚወድ አሳይተዋል።

ሕዝቡ መሣሪያውን ይወዳል፤ እንዲታረምም ይሻል። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የማሻሻያው ዕጣ የሚወሰነው በዘመቻው ወቅት ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀሰቀስ ነው። የእድር ዳኛ የዳኛ መሻሪያ ደንብ ይለወጥ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ አባላቱ ምን ያደርጋሉ? የደንቡን ዝርዝር ከማየታቸው በፊት ለምን አሁን እንደመጣ ይጠይቃሉ። ሐሳቡን ሌላ አባል፣ ዳኛው ሳይከሰስ፣ ለጋራ ጥቅም ብሎ ቢያነሳው ግን በትዕግሥት ይሰማል።

ሁለቱ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻዎች

አሁን ወደ ሳን ፍራንሲስኮና ወደ አላሚዳ እንመለስ። ፕሮፖዚሽን ሲ ሁለት ነገር ይወስድ ነበር። ባለሥልጣኑ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመትና የሥልጣን ዘመኑ በሚያልቅበት ዓመት እንዳይነሳ ይከለክላል፤ በተነሳው ሰው ቦታ በከንቲባው የሚሾመውም በሚቀጥለው ምርጫ እንዳይወዳደር ያግዳል። ለመራጩ ይህ ከእጁ ጊዜም ምርጫም የሚቀንስ ነበር። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ውስጥ ከተማዋ ሦስት የትምህርት ቦርድ አባላትን ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ አንስታ ነበር። መራጩ መሣሪያውን በቅርቡ ተጠቅሞ ሲሠራ አይቶታል፤ የሠራለትን መሣሪያ እናጥብበው ሲሉት አልተቀበለም።

ሜዠር ቢ ደግሞ የቆየውን የካውንቲ ደንብ ከክፍለ ግዛቱ ሕግ ጋር ማስማማት ሆኖ ቀረበ። የድሮው ደንብ ፊርማ ለማጣራት የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነበር፤ ሌሎችም አሠራሮቹ ዘመን አልፎባቸዋል። ለውጡ የማንሳት ዘመቻን የሚነኩ ተግባራዊ ውጤቶች ነበሩት። መራጩ ያየው ግን ጥገናን ነው። የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በፓሜላ ፕራይስ ላይ የተነሱትም፣ ፕራይስን የሚደግፉትም ወገኖች ማሻሻያውን በጥርጣሬ ስላዩት፣ «ይህ ለባለሥልጣን የተሠራ ጋሻ ነው» የሚለው ክስ አንድ ወጥ ቅርጽ ሊይዝ አልቻለም። የካውንቲው መራጮች ደንቡን ካጸደቁ በኋላ በኖቬምበር 2024 ፕራይስንም ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አነሱ። ደንቡን ያጸደቁት ባለሥልጣኗን ለማዳን ብለው አልነበረም ማለት ነው።

ሁለት ምርጫዎች ብቻቸውን ሕግ አይሆኑም። አቅጣጫ ግን ያሳያሉ። በሌሎች ምርጫዎችም ሊፈተኑ የሚችሉ ጥያቄዎችን ያስነሳሉ።

ተንባዩ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ ምን ይገጥማቸዋል?» የሚል ነው። በካሊፎርኒያ በዜጎች ፊርማ የሚቀርቡ ሐሳቦች የሚያልፉት ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ሕግ አውጪው ራሱ የሚያቀርባቸው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ግን በጣም ከፍ ባለ መጠን ያልፋሉ። የይነሳ ምርጫን በተመለከተም አብነት አለ፦ በ1994 ምርጫውን ከመደበኛ ምርጫ ጋር አብሮ ለማካሄድ እንዲቻል ጊዜውን የሚያራዝመው ፕሮፖዚሽን 183 ጸድቋል። ወጪ የሚቆጥብ እንጂ የሕዝቡን ውሳኔ የሚነካ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሐሳቡ የሚወስደውን ይመለከታል። ፊርማውን ከፍ ያደርጋል? ጊዜውን ያጠብባል? ተተኪ የመምረጥ መብትን ይነሳል? ወይስ አሠራሩን ብቻ ያስተካክላል? ከእጁ የሚወሰደው እየበዛ በሄደ መጠን የመራጩ እምቢታ ይጨምራል።

ሦስተኛው የአቅራቢውን ማንነትና የጊዜውን ሁኔታ ይመለከታል። የሚነሳ ሰው በፊታችን ቆሞ ሳለ የሚመጣ ማሻሻያ የሚዳኘው በሰውየው ነው።

አራተኛው የወረቀቱ ቃል ነው። በካሊፎርኒያ የሐሳቡን ርእስና አጭር መግለጫ የሚያዘጋጀው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ አያነብም። በኖቬምበር 2024 በእስር ቤት የሚደረግን የግዳጅ ሥራ የሚከለክለው ፕሮፖዚሽን 6 በመራጮች መመሪያ ላይ ተቃዋሚ ጽሑፍ እንኳን ሳይቀርብበት 53 በመቶ ያህሉ ተቃውሞት ወደቀ። በወረቀቱ ላይ «ባርነት» የሚል ቃል አልነበረም። በዚያው ቀን በጎረቤት ኔቫዳ ባርነትን በስሙ የጠራ ተመሳሳይ ሐሳብ በ60 በመቶ ገደማ አለፈ።

አምስተኛው የተቃዋሚው ጉልበት ነው። መራጭ ሲጠራጠር «አይሆንም» ይላል፤ ያለው እንዳለ ይቆይለታል። ስለዚህ ተቃዋሚ ጥርጣሬ ከፈጠረ ይበቃዋል፤ ደጋፊ ግን ማሳመን አለበት። በ2022 በካሊፎርኒያ የኢንተርኔት ስፖርት ውርርድን ለመፍቀድ የቀረበው ፕሮፖዚሽን 27 በደጋፊዎቹ እጅግ ብዙ ገንዘብ ቢፈስበትም ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ተቃውሞት ወድቋል። በዚህ ምክንያት ከዘመቻው በፊት 52 በመቶ ድጋፍ ያሳየ ጥናት ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ልምድ ያላቸው ዘመቻ መሪዎች ከ60 አካባቢ መነሳት ይፈልጋሉ፤ ድጋፍ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችም ራሳቸው መመዘን አለባቸው። በ2021 በጁላይ መጨረሻ በኒውሰም ጉዳይ የተካሄደ የበርክሌይ ጥናት ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው ከተገመቱት 47 በመቶው «ይነሱ»፣ 50 በመቶው «አይነሱ» እንዳሉ አሳይቶ ነበር። ውጤቱ ግን 24 ነጥብ ገደማ ልዩነት ሆነ። በበጋው ወራት የተቆጡት የኒውሰም ተቃዋሚዎች ብቻ ነበሩ፤ ደጋፊዎቻቸው የነቁት ወረቀቱ ቤታቸው ሲደርስና ተተኪው ማን ሊሆን እንደሚችል ሲታያቸው ነው። ጥናት የዕለቱን ስሜት ይለካል፤ ተንባዩ ደግሞ ያ ስሜት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አለበት።

ልምምድ፦ የካሊፎርኒያ ማሻሻያ

በ2018 ተነስተው በ2020 ወንበራቸውን ያስመለሱት ሴናተር ኒውማን የይነሳ ምርጫን የሚያርም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አመነጩ። ሕግ አውጪው በ2024 አሳልፎ በኖቬምበር 2026 ለመራጩ እንዲቀርብ ወሰነ። ፍሬ ሐሳቡ «ከተነሳስ ማን ይተካው?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ማውጣት ነው። ባለሥልጣኑ ከተነሳ ክፍት ቦታው ሌሎች ክፍት ቦታዎች በሚሞሉበት ሕግ መሠረት ይሞላል፤ ለምሳሌ በገዥው ቦታ ምክትል ገዥው ይገባል። ለመጽደቅ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃዋል።

ጥያቄዎቹን በተራ እንጠይቅ። ሐሳቡን ያቀረበው ሕግ አውጪው ስለሆነ መነሻችን ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ዕድል ይሁን። ከዚያ ወደ ታች የሚስበው ዋናው ነገር መራጩ ተተኪን በዚያው ዕለት የመምረጥ መብቱን ማጣቱ ነው። ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ምሳሌ ዝግጁ ነው፦ ይህ ደንብ በ2003 ቢኖር ኖሮ ከዴሞክራቱ ዴቪስ በኋላ ዴሞክራቱ ምክትል ገዥ ክሩዝ ቡስታማንቴ ይገቡ ነበር፤ በዚያው ምርጫ ተወዳድረው በሽዋዘኔገር የተሸነፉት እሳቸው ናቸው። ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ጠንካራ ክርክር ነው። አመንጪው ራሳቸው የተነሱ ሰው መሆናቸውም ለተቃዋሚ ይመቻል። ይህን ሁሉ ስናይ ግምታችን ወደ 50 ዝቅ ይላል።

ወደ ላይ የሚገፉም አሉ። ኒውማን በ2024 ወንበራቸውን በምርጫ አጥተዋል፤ ኒውሰምም በ2027 መጀመሪያ ዘመናቸው ስለሚያልቅ ማሻሻያው የእሳቸው ጋሻ አይመስልም። በካሊፎርኒያ ከተመዘገቡት መራጮች ዴሞክራቶች የሪፐብሊካኖችን እጥፍ ይጠጋሉ፤ ብዙዎቹም 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን የ2021 ምርጫ እንደ ብክነት ያስታውሱታል። በኖቬምበር 2025 የምርጫ ክልሎችን የለወጠው ፕሮፖዚሽን 50 በ64 በመቶ ገደማ ማለፉ፣ የአሠራር ጥያቄ የፓርቲ ፍልሚያ ሲሆን ዴሞክራቶች አንድ ሆነው ሊቆሙ እንደሚችሉ አሳይቷል። ግምቱን ወደ 57 በመቶ እንመልሰው።

57 በመቶ ማለት ማሻሻያው ያልፋል ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸው መቶ ማሻሻያዎች ቢቀርቡ 57 ያህሉ ያልፋሉ፣ 43ቱ ይወድቃሉ ብዬ አስባለሁ ማለት ነው። ርእሱ «ተተኪ ምርጫን ያስቀራል» ብሎ ከጀመረ ከ50 በታች አወርደዋለሁ፤ ከተቃዋሚው ወገን ብዙ ገንዘብ ካልመጣና ድጋፉ በበጋው ጥናት ከ60 ካለፈ ወደ 70 እወስደዋለሁ። ትንበያ አዲስ ነገር ሲሰማ መለወጥ አለበት፤ የማይለወጥ ከሆነ እምነት እንጂ ትንበያ አይባልም።

ትንበያን መመዘን

ግሌን ብራየር የተባሉ የአየር ጠባይ ባለሙያ በ1950 ያቀረቡት መለኪያ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። ነገሩ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ብለህ፣ ከተነበይከው ዕድል ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ ታባዛዋለህ። 57 በመቶ ብለህ ማሻሻያው ቢያልፍ 0.18 ገደማ ታገኛለህ፤ ቢወድቅ 0.32 ገደማ። 95 በመቶ ብሎ የተሳሳተ ሰው ግን 0.90 ይሸከማል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ተንባዩ የተሻለ ነው። መለኪያው የሚያበረታታው ልክን አውቆ መናገርን ነው፤ የሚቀጣውም ያለ መጠን የተማመነን ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ብቻ የሚሆን እውቀት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ሊያነሳው እንደሚችል ደንግጓል። ፊርማው ስንት ይሁን? ማን ያጣራው? ተተኪውስ ማን ይሁን? የሚሉት ጥያቄዎች መብቱ ባለበት ሁሉ ይነሳሉ፤ አንድ ቀን ለሕዝብ ውሳኔ ቢቀርቡም የሚገጥማቸው ከላይ ካየነው አይርቅም።

ማሻሻያ ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሐሳቡን አንድ ሰው ሊነሳ ባለበት ሰዓት አታምጣው። ከመራጩ እጅ የምትወስደው ነገር ካለ በምትኩ የምትሰጠውን አሳየው። የሚወሰደውንም ራስህ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፈው፤ ተቃዋሚህ ቀድሞህ ከነገረው ከዚያ በኋላ የምትለውን አይሰማህም። ተንባዩም በዚሁ መንገድ ይሥራ፦ ቁጥሩን ከምርጫው በፊት ይጻፍ፤ ምክንያቱንም ከጎኑ ያስፍር፤ ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም ያነጻጽር። መራጩን እንደ ስሜታዊ መንጋ የሚያይ ሰው ደጋግሞ ይሳሳታል። ሥልጣኑን ለማን አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚመረምር ሰው አድርጎ የሚያየው ግን ሳን ፍራንሲስኮንም አላሚዳንም ይረዳል፤ ቀጣዩን ምርጫም ከብዙዎች የተሻለ ይገምታል።